የፋኖስ ቤቱ ግስ

ባለፈው ጥቅምት ሳሪስ አቦ ገበያ ውስጥ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ፊት ቆሜ አንድ ፋኖስ አነሣሁ። የምድር ባቡር ፋኖስ ነበር። በአንድ ጎኑ ቀይ፣ በሌላው አረንጓዴ መስተዋት አለው፤ እጀታው ዝጓል። ሻጩ «ለጌጥ ነው እናቴ፣ አይበራም» አለኝ። ክዳኑን ከፍቼ አሸተትኩት። ላምባው ከደረቀ ዘመን ሆኖታል፤ ሽታው ግን አልሄደም፤ ላምባ፣ ጥላሸት፣ እርጥብ ጨርቅ። እጄን ወደ ውስጠኛው ብርጭቆ ለማስገባት ሞከርኩ። ከጣቶቼ አላለፈም።

ዐሥራ ሁለት ዓመቴ ሳለ ያ እጅ እስከ አንጓው ይገባ ነበር። የተማርኩትም በእሱ ምክንያት ነው።

ቤታችን አቃቂ ጣቢያ ጀርባ፣ ከሐዲዱ አርባ ሦስት እርምጃ ላይ ነበር። በእናቴ እርምጃ ሠላሳ አንድ ነው፤ ሁለቱንም ቆጥሬዋለሁ። አባቴ ሐዲድ ጠባቂ ነበር። የብሎን መፍቻውንና ቀይ ጨርቁን ይዞ እስከ ቃሊቲ በእግሩ እየሄደ የላላውን ያጠብቃል። እናቴ አስካለ ክር ፋብሪካ ትፈትላለች። ሁለቱም ማንበብ አይችሉም ነበር። እኔ ፊደል የቆጠርኩት አቦ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው። ወንድሜ ከተወለደ በኋላ ግን እሱን ማዘል ሥራዬ ሆነና ትምህርቱ እዚያው ላይ ቆመ።

አባቴ አንድ ልማድ ነበረው። ማታ ሲመለስ በጣቢያ ሹሙ ቢሮ በር አያልፍም። ሐዲዱን ተሻግሮ፣ በጭቃው በኩል ዞሮ፣ ከመጋዘኑ ጀርባ ነው የሚመጣው። ሹሙ አንድ ቡናማ ውሻ ነበራቸው። አባቴ ውሻ እንደሚፈራ ከዚህ ተረዳሁና ለማንም አልተናገርኩበትም። ትልቅ ሰው ውሻ ሲፈራ ማውራት ነውር ይመስለኝ ነበር።

በዚያ ክረምት ወንድሜ ሰባት ዓመት ሞላውና ለመስከረም ተመዘገበ። ያዘልኩት ልጅ ትምህርት ቤት ሊገባ ነው። እኔም ልመዝገብ አልኩ። ብዙ ስለማልናገር ሁሉም ቀና ብለው አዩኝ። አባቴ እግሩን እየታጠበ ነበር።

«ከእሱ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ሀ ሁ ልትይ?» አለ። «ሦስተኛ ክፍል ከተቀበሉሽ ሂጂ። ከዚያ በታች ከሆነ ግን ከእናትሽ ጋር ፋብሪካ ትገቢያለሽ። መሳቂያ አትሆኚም።»

የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ደግሞ በጳጉሜን ልፈትናት አሉ። እንግዲህ አንድ ክረምት ነበረኝ። የሚያስተምረኝ ሰው ግን አልነበረኝም።

ሰው የተገኘው ጣቢያው ውስጥ ነው። የጣቢያውን ፋኖሶች የሚያጸዱና የሚያበሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ የኔታ ወልደ ሐና። ጎጃም ቅኔ ቤት ያደጉ ደብተራ ናቸው። ሠራተኛው «የኔታ ፋኖስ» ይላቸዋል። እርሳቸውም ሲጠሩበት አቤት ይላሉ። እጃቸው ሰፊ ስለነበር የፋኖሱን ብርጭቆ ከውስጥ መጥረግ አይሆንላቸውም። በእንጨት ጫፍ ጨርቅ ጠምጥመው ሲታገሉ ሁለት ሦስቱን ሰብረዋል። አንድ ቀን እናቴ የላከችኝን ቆሎ ላደርስላቸው ፋኖስ ቤት ስገባ ቆሎውን ትተው እጄን አዩት።

«አስገቢ እስቲ» አሉኝ ብርጭቆውን አቅርበው። ገባ። በአመድና በጨርቅ አሽቼ ሳወጣው ብርጭቆው ያለ አይመስልም ነበር። ዕለቱን ተስማማን። እኔ በየቀኑ ፋኖሶቹን እጠርጋለሁ፣ እርሳቸው ለፈተና ያዘጋጁኛል። የሚያውቁት ትምህርት አንድ ብቻ መሆኑን አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

የመጀመሪያው ትምህርት በስሜ ነው የተጀመረው።

«ማን ትባያለሽ?»

«ዘነበች።»

«ማን ናት የዘነበችው?»

«እኔ ነኝ።»

«አንቺ ከሆንሽ ዘነብኩ በያ።»

አልሳቅሁም፤ ደነገጥኩ። ዝናብ ሲጥል ስለተወለድኩ ያወጡልኝ ስም ነው። ለካ ስሜ ውስጥ ሥራ ነበረበት። ዘነበ፣ ይዘንባል፣ ዝናብ፣ አዘነበ እያሉ ሲቆጥሩልኝ ጣሪያው ላይ ራሱ ነገሩ ይወርድ ነበር። ሁሉም ውስጥ ዘ፣ ነ እና በ አሉ። ድምፃቸው ይለዋወጣል እንጂ እነሱ ከቦታቸው አይሄዱም። ያን ዕለት ግን ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው። ዘነበች ማለት ያለቀ ነገር መሆኑን ተረድቼ፣ እኔም ያለቅሁ መስሎኝ ሌሊቱን ከፋኝ። በማግሥቱ ብነግራቸው ፋኖሱን አስቀመጡ። «ትዘንባለችም አለ፤ ትዝነብም አለ። የትኛው ላይ እንደምትቆሚ እናያለን» አሉ።

ከዚያ በቅኔ ቤቱ ሥርዓት ወደ ግስ ገባን። ግስ አለቆች አሉት። ስምንት ናቸው፤ ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ገብረ፣ አእመረ፣ ባረከ፣ ሤመ፣ ብህለ፣ ቆመ። ሌላው ቃል ሁሉ የአንዳቸው ሠራዊት ነው፤ በአለቃው ቤት ይገባል፣ አለቃው እንደሄደ ይሄዳል። የኔታ ቤት ሲሉ እኔ እውነተኛ ቤት መስሎኝ ስምንቱን በሠራተኛው መኖሪያ መደዳ አሰፈርኳቸው። ቀተለ የመጀመሪያው ቤት ውስጥ ያለ ቁጡ ሰው ነው፤ ግዕዙ ገደለ ማለት ነውና። ቀደሰ ቄስ ነው። ገብረ ሠራተኛ፣ እንደ አባቴ። አእመረ ሁሉን አውቃለሁ ባይ። ባረከ መራቂ ሽማግሌ። ሤመ የሚሾም ነውና ውሻ አለው። ብህለ ወሬኛ። ቆመ ደግሞ መደዳው መጨረሻ ላይ፣ ባቡር ሲያልፍ የመሻገሪያውን በትር የሚያወርደው ሰውዬ ቤት ነው የሚኖረው፤ ተቀምጦ አያውቅም።

«የኔታ፣ አለቃ የሚሆን ሌላ ሰው ጠፍቶ ነው ገዳይ ያስቀደሙት?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«እኔም ልጅ ሆኜ ጠይቄ ነበር። በአለንጋ ነው የተመለሰልኝ» አሉ። «አንቺ ዕድለኛ ነሽ፤ እዚህ አለንጋ የለም።»

ከሰዓት በኋላ የጭነት ባቡር ይመጣል። ፉርጎዎቹ ሲቀጠሉና ሲፈቱ እያየሁ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ በራሴም ኮራሁ። ቃል እንደ ባቡር መሆን አለበት፤ ከፊት አንድ ፉርጎ፣ ከኋላ አንድ ፉርጎ ይቀጠልበታል አልኳቸው። የኔታ ሦስት ፋኖስ ላምባ ሞልተው ሲጨርሱ ነው የተናገሩት። ፉርጎ የሚቀጠል ቃል እንዳለ አመኑልኝ፤ «አስ» ከፊት፣ «ን» ከኋላ። ነገር ግን ባቡር ፉርጎ ሲቀጠልበት ሞተሩ ውስጡ አይለወጥም፤ የእኛ ቃል ዋናው ለውጡ ከውስጥ ነው። ይልቅ ሸማ ነው አሉ። ፊደላቱ ድር ናቸው፣ ተወጥረው ይቆያሉ። ድምፁ ማግ ነው፣ በመሃላቸው እየተመላለሰ አንዴ ሥራውን፣ አንዴ ሠሪውን፣ አንዴ የተሠራውን ያወጣል። እናቴ ፈታይ መሆኗን ያውቃሉ፤ እንዲገባኝ ብለው ነው። እኔ ግን ባቡሬ ስለተነጠቀብኝ ትንሽ አኩርፌ ነበር።

ግስ የሚጠናው በዜማ ነው። ግዕዙን ትያለሽ፣ አማርኛውን ታስከትያለሽ፤ ሰውነትሽን ወደፊትና ወደኋላ እያወዛወዝሽ። አንድ ሕግም አለ፤ የጀመሩትን ግስ መሃል ላይ አይተዉም። «ባቡር ድልድይ መሃል አይቆምም» ይሉ ነበር የኔታ። ስለዚህ ውሃ ስቀዳም፣ እንጨት ስለቅምም፣ ከንፈሬ አያርፍም።

ችግሩ የመጣው ከዚህ ነው። ከጣቢያው በፊት ጀምሮ እዚያ መሬት ላይ የኖሩ ገበሬዎች ልጅ፣ አዴ ጫልቱ የምንላቸው ወተት ሻጭ ጎረቤታችን ነበሩ። አንድ ጠዋት ላማቸው አጠገብ ቆሜ ተራዬን ስጠብቅ ሰሙኝ። ቀተለ፣ ገደለ፤ ይቀትል፣ ይገድላል፤ ይቅትል፣ ይግደል። ዓይኔን ጨፍኜ እየተወዛወዝኩ ነው። በማግሥቱ ላሟ ወተት ነሳች።

አዴ ጫልቱ ክፉ ሰው አልነበሩም። ለእናቴ የነገሩት አዝነው ነው። ያ ደብተራ ልጅሽን ድግምት እያስተማረ ነው፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ላም ፊት ቆማ ይግደል ትላለች። እናቴ ደብተራ ትፈራ ነበር። ማን የማይፈራ ነበረ? በዚያው ቀን ፋኖስ ቤት ከለከለችኝ። ጳጉሜን ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። አልለመንኳትም፤ መለመን አላውቅበትም። ዝም ብዬ የቤታችንን ብርጭቆ በቀን ሦስት ጊዜ ማጠብ ጀመርኩ። በአራተኛው ቀን፣ እሑድ፣ እናቴ ነጠላዋን ለበሰች። «ነይ፤ ይኼን ነገር ከአፋቸው ልስማው» አለችኝ። አዴ ጫልቱም ምስክር ሆነው ተከተሉን።

የኔታ ሳጥን ላይ ተቀምጠው የፋኖስ ክር ይቆርጡ ነበር። ተነሥተው ሳጥኑን ለሴቶቹ ለቀቁ። አንዱ ሳጥን ለሁለት አልበቃ ብሎ ሁለቱም ቆሙ።

«የኔታ፣ ለእርስዎ ክብር አለኝ» አለች እናቴ። «ግን ልጄ ከብት ፊት ይግደል ትላለች። ላሟም ደርቃለች።»

የኔታ ወደ አዴ ጫልቱ ዞሩ። «ላሟ ከኮርማ ከተገናኘች ስንት ወሯ ነው?»

አዴ ጫልቱ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። ሰባተኛው ላይ ጣታቸው ቆመ። ያረገዘች ላም በሰባተኛው ወር ወተት እንደምትተው ከእርሳቸው የተሻለ የሚያውቅ በአቃቂ አልነበረም።

«እንግዲህ ግሱ አይደለም፤ ኮርማው ነው» አሉ የኔታ።

እናቴ ግን ኮርማው አልበቃትም። ድግምት ካልሆነ ምን እንደሆነ ይነገረኝ አለች። የኔታ መቀሱን አስቀመጡ።

«ወይዘሮ አስካለ፣ ፋብሪካ ምን ሲሠሩ ይውላሉ?»

«እፈትላለኋ።»

«ትናንትስ?»

«ፈተልኩ።»

«የሚፈትለው ሰው ማን ይባላል?»

«ፈታይ።»

«የሚወጣውስ?»

«ፈትል።»

«አለቃዎስ ምን ያደርጋል?»

«ያስፈትለናል። እሱማ መች ፈትሎ ያውቃል» አለች እናቴ።

«ይኸው ነው ድግምቱ» አሉ የኔታ። «ፈ፣ ተ፣ ለ። እርስዎ ሳይማሩት ያውቁታል። ልጅዎ የምታውቀውን ማወቋን እያወቀች ነው።»

የእናቴ ከንፈር መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ተፈተለ፣ አልተፈተለም፣ መፍተል፣ መፍተያ። አየኋት። አዴ ጫልቱ በበኩላቸው መረሳቱ ከብዷቸው ነበር መሰለኝ፣ የእኛስ ቋንቋ ቤት የለውም ወይ ብለው ጠየቁ። የኔታ ዓይናቸው በራ። በኦሮምኛ ተማረ ምን ይባላል አሏቸው። በረቴ። አስተማረ? በርሲሴ። ተማሪ? በረታ። አስተማሪ? በርሲሳ። የኔታ እያንዳንዱን አስደግመው ሲያዳምጡ ቆዩና ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። በር ከፊት ቆሞ አይነቃነቅም፣ ሌላው ሁሉ ከኋላ እየመጣ ይቀጠላል። «ባቡርሽ ጠፋ ብለሽ አኩርፈሽ ነበር። ይኸውልሽ፤ አዴ ጫልቱ ጋ ነው ያለው» አሉኝ። አዴ ጫልቱ ሐዲዱ የአባታቸውን መሬት ለሁለት ከፍሎት ስለነበር፣ «ባቡሩማ ድሮም እኛው ላይ ነው የሄደው» ብለው ሳቁ። በማግሥቱ ወተት ስለሌላቸው ለየኔታ አራት እንቁላል ላኩ።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ እናቴ ጥጥ ስታባዝት እኔ አንድ ቃል እጥላለሁ፣ እርሷ ታነሣዋለች። ከእኔ ትፈጥን ነበር።

ጳጉሜን ሁለት ቀን ላይ ተፈተንኩ። ዲሬክተሩ ቀጭን፣ ሹራብ ለባሽ ሰው ነበሩ። ንባቡን ጨረስኩት። ቀጥለው «ሰበረ» ብለው ዐረፍተ ነገር ሥሪበት አሉኝ። እኔ ግን ሰበረን ስሰማ ተነሥቼ መወዛወዝ ጀመርኩ። ሰበረ፣ ይሰብራል፣ ሰባሪ፣ ስብራት፣ ተሰበረ፣ አሰበረ፣ ሰባበረ። በቃ አሉኝ። አልቻልኩም፤ ድልድይ መሃል ነበርኩ። እጃቸውን አነሡ። ተሰባበረ፣ አሰባበረ፣ ስብርባሪ። ጸሐፊው ከጎን ክፍል ብቅ አለ። ጨርሼ ስቀመጥ ዲሬክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። እየሳቁ ይሁን ደክሟቸው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያ ሒሳብ መጣ። የኔታ ሒሳብ አላስተማሩኝም፤ የቅኔ ቤት አለቆች ውስጥ ሒሳብ የለም። ወረቀቱ ላይ ዐሥራ ሁለት ተጽፏል፣ ቀጥሎ ከላይና ከታች ነጥብ ያለው ሰረዝ፣ ቀጥሎ ሦስት። ምልክቱን አውቀዋለሁ፤ መጽሐፍ ላይ ሐረግን ከሐረግ የሚለየው ነጥብ ነው። «ዐሥራ ሁለት» ብዬ አንብቤ ትንሽ ዐረፍኩ፤ «ሦስት» ብዬ ጨረስኩ። ከዚያም ቀጣዩ ቁጥር የት እንዳለ ጠየቅኋቸው። ዲሬክተሩ ሦስት መስመር ጽፈው፣ ማህተም መትተው፣ ወረቀቱን አጥፈው ለአባትሽ ስጪ አሉኝ።

ሐዲዱ ዳር ቆሜ ገለጥኩት። ሁለተኛ ክፍል ይላል።

ፋኖስ ቤት ገባሁና ለየኔታ ነገርኳቸው። ብርጭቆ ሰጡኝ፤ ጠረግሁት።

«አባትሽ ያነባሉ?»

«አያነብም።»

«እናትሽስ?»

«አታነብም።»

«እንግዲህ ወረቀቱ የሚለውን ከዲሬክተሩ በቀር የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ» አሉና ወደ ላምባቸው ተመለሱ። ምክር ይሁን ፈቃድ አልለየሁትም። አርባ ሦስቱን እርምጃ ስሄድ ሁለተኛ እና ሦስተኛ የሚሉትን ሁለት ቃላት በአፌ እያገላበጥኩ ነበር። ሁለቱም በ«ተኛ» ይጨርሳሉ። ልዩነታቸው ፊቱ ላይ ብቻ ነው።

አባቴ በር ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይፈታ ነበር። «አንብቢው» አለ።

አነበብኩ። «ተማሪ ዘነበች የተፈተነች ሲሆን፣ በሁለተኛ ክፍል እንድትመዘገብ ተፈቅዷል።»

እናቴ ማባዘቷን አቆመች።

«ድገሚው።»

ደገምኩት። ሁለተኛ ነው።

አባቴ አንዱን ጫማ በእጁ እንደያዘ ቆየ። «ሦስተኛ ብትይ ማን ያውቅብሽ ነበር?»

«ማንም።»

«ታዲያ?»

«ሁለተኛ ነው የሚለው።»

ተነሥቶ ወደ ውስጥ ገባ። ቀበቶ ሊያመጣ ነው ብዬ ነበር። ያወጣው ግን ከአልጋው ሥር የቆርቆሮ ሣጥኑን ነው። ከሥሩ ስምንት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ። ሁለት ማህተም አለው፤ አማርኛው ሥር በፈረንጅ ፊደልም ተጽፎበታል።

«ይኼንንም እንዳለ አንብቢው» አለኝ። «ክፉም ቢሆን።»

ነገሩን የነገረን ያን ጊዜ ነው። ከሁለት ክረምት በፊት ጎርፉ የድልድዩን ግርጌ ሲበላው አባቴ ቀይ ጨርቁን አውለብልቦ ባቡር አስቁሟል። መንገደኛው ዝናብ ላይ ሁለት ሰዓት ተቀምጦ ሲሰድበው ነው ያረፈደው። በወሩ የቀድሞው ጣቢያ ሹም ተዛውረው ወደ ድሬዳዋ ሲሄዱ፣ እየተጣደፉ ይኼን ወረቀት ሰጡት። «ስለ ባቡሩ ነው፤ ደህና አድርገህ አስቀምጠው» አሉት። አባቴ በሕይወቱ ሁለት ማህተም ያለው ወረቀት ለመልካም ሲመጣ አላየም። ለጸሐፊ ቢያስነብብ ጣቢያው ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ አላስነበበም። የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ነው ብሎ ደብቆ ያዘው። አዲሱ ሹም ወረቀቱን አምጣ እንዳይሉት በቢሮው በር ማለፍ ተወ።

ማንበብ ጀመርኩ። ድልድዩ ጋ ስደርስ አንድ የማላውቀው ቃል ገጠመኝ። «ትጉህ» ይላል። ጣቴን አስቀምጬበት ቆምኩ። አባቴ መቆሜን አይቶ ፊቱ ጠቆረ።

«ምንድን ነው? ተናገሪ።»

ሳላስበው መወዛወዝ ጀምሬ ነበር። «ተግሀ፣ ተጋ» አልኩ። «ተጋ... ይተጋል...»

«ትጋት» አለች እናቴ ከጥጡ ላይ። «ተጊ፣ አተጋ። የሚተጋ ነው የሚለው፤ አንብቢ።»

«ትጉህ ሠራተኛ በመሆንዎ የብዙ ሰው ሕይወት ስለዳነ ምስጋናችንን እናቀርባለን።»

«ማስጠንቀቂያ የሚል የለበትም?» አለ አባቴ።

«የለበትም።»

«ደህና አድርገሽ ፈልጊ።»

ከላይ እስከ ታች በጣቴ ፈለግሁ። የለም። አባቴ ሣጥኑ አጠገብ ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እናቴ እያለቀሰ መስሏት ስትጠጋ እየሳቀ ነበር። ሁለት ክረምት ሙሉ ጭቃ ሲያቦካ መኖሩን እያሰበ ነው። ሲበቃው የእኔን ወረቀት ከእጄ ወሰደ፣ አጥፎ ከባለ ሁለት ማህተሙ ጎን አስቀመጠው፣ ሣጥኑን ዘጋ።

«ሁለተኛ ክፍል ሁለተኛ ክፍል ነው» አለ። «የሚያነብልን ሰው አገኘን።»

ትምህርት የተጀመረ ቀን ወንድሜንና እኔን ሊያደርሰን ከቤት ይዞን ወጣ። መጋዘኑ ጋ ስንደርስ በእሱ ልማድ ወደ ጭቃው ታጠፍኩ። እጄን ይዞ መለሰኝ። በሹሙ ቢሮ በር ቀጥ ብለን ሄድን። ቡናማው ውሻ ተነሥቶ ጮኸብን። አባቴ ቆመ፣ ባርኔጣውን አነሣ።

«እንደምን አደርክ?» አለው።

ውሻው ዝም አለ። አባቴ ለካ ውሻ አይፈራም።